አብሮ ይወቀጣል፣ አብሮ አይቆላም፦ ለአትክልት የሚነሰነስ የለውዝና የቅመም ድቅቅ አሠራር

«ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ፣ አብረህ ተወቀጥ» ይላል ተረቱ። ስለ መወቀጡ አልተሳሳተም። ኑግና ሰሊጥ፣ ለውዝና ድምብላል በአንድ ሙቀጫ ቢገቡ ይስማማሉ። ጣጣው ከሙቀጫው በፊት፣ ምጣዱ ላይ ነው። እኔ መጀመሪያ የሞከርኩ ዕለት ሰዓት ላተርፍ ብዬ ለውዙንም፣ ሰሊጡንም፣ ከሙኑንም አንድ መጥበሻ ላይ ገለበጥኳቸው። ከሙኑ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ጠቆረ፤ ሰሊጡ እየዘለለ ምድጃው ዙሪያ ተበተነ፤ ለውዙ ላዩ ተለብልቦ ውስጡ ጥሬ ቀረ። የወጣው ነገር በአንድ ጉርሻ መራራም ጥሬም ነበር።

ደንቡ አጭር ነው፦ ሁሉም በየራሱ እሳት ይቆላል፣ በደንብ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚገናኘው። የቀረው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ግን ብዙ ነው።

የምንሠራው ምንድን ነው?

እኔ ቤት «ድቅቅ» እንለዋለን። ዱቄት አይደለም፣ ቆሎም አይደለም፤ ከቅንጬ የላመ፣ ከሽሮ ግን የሻከረ ነገር ነው። ድስት ውስጥ አይገባም። አትክልቱ በስሎ፣ ከእሳት ወርዶ፣ ሊቀርብ ሲል ከላዩ ይነሰነሳል።

ብዙ ጊዜ የምሠራው በጾም ነው። የጾም ጎመንና ድንች የሚጎድላቸው ቅመም አይደለም፤ ቅቤው ነው። ዘይት ስንጨምርበት ይወዛል እንጂ አፍ አይሞላም። ለውዝና ሰሊጥ ግማሽ ያህል ክብደታቸው ቅባት ነው፤ ያ ቅባት ሲቆላ መዓዛ ያወጣል፣ ሲታኘክም ጥርስ ላይ ስብር ይላል። በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት አጋማሽ ላይ ደርሶ ጎመን ያየ ቁጥር ፊቱን የሚያዞር ሰው የምለው ይገባዋል።

ግብፆች የዚህ ዓይነቱን ድቅቅ «ዱቃ» ይሉታል። ዳቦ ቆርሰው ወይራ ዘይት ያስነኩና ከዚያ ዱቃው ላይ ጫን አድርገው ይበሉታል። ቃሉ የመጣው መውቀጥ፣ ማድቀቅ ከሚል የዐረብኛ ግሥ ነው፤ ከእኛ «ደቀቀ» ጋር ሥሩ አንድ ነው። የእነሱ ዱቃ ለውዝ ነክ ፍሬ፣ ሰሊጥ፣ ድምብላልና ከሙን ነው። እኔ አጥንቱን ከእነሱ ወስጄ ኮረሪማና ጥምዝ ጨምሬበታለሁ።

ስትገዙ

ሁሉንም ጥሬውንና ሙሉውን ግዙ። ተፈጭቶ የተቀመጠ ከሙንና ድምብላል መዓዛው ከተፈጨበት ቀን ጀምሮ እየተነነ ነው፤ በዚያ ላይ የተፈጨ ነገር ሲታመስ ያራል እንጂ አይታመስም። ለውዙ (ኦቾሎኒ የምትሉትም እሱኑ ነው) ቀዩ ሽፋኑ ያልወለቀ፣ ጨው ያልነካው ጥሬ ይሁን። የባቢሌ ለውዝ ያገኘ እሰየው። ሰሊጡ ነጩ፣ የሁመራው ወይም የመተማው ዓይነት ይበቃል። ኮረሪማውን ከነቅርፊቱ ግዙ፤ ተፈልፍሎ የሚሸጠው ጊዜ ከቆየ ሽታ እንጂ ጣዕም አይኖረውም።

ውጭ አገር ያላችሁ፣ የሐበሻ ሱቅ ከራቃችሁ የሕንድ ሱቅ ግቡ። ነጭ አዝሙድን «አጅዋይን»፣ ጥቁር አዝሙድን «ካሎንጂ» ብላችሁ ጠይቁ። ዓረብ አገር ያላችሁ ጥቁር አዝሙዱን «ሐባ ሶዳ» ስትሉ ማንም ያውቀዋል። ለኮረሪማ ግን እውነተኛ ምትክ የለም። ሄል ዘመዱ ነው፤ ነገር ግን ሄል ይበረታል፣ ሽቶ ሽቶ ይላል። ግድ ከሆነ ኮረሪማ ካልኩበት በግማሽ ቀንሳችሁ አግቡት።

ለቀማ፣ ማበጠር፣ ማጠብ

ይህን ክፍል ሰው ይዘለዋል። አትዝለሉት።

ለውዙን ትሪ ላይ ዘርግታችሁ አንድ በአንድ ልቀሙ። የጨማደደ፣ የጠቆረ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ሻጋታ ነገር የታየበት፣ ሽፋኑ ሥር ቀለሙ የተለወጠ ፍሬ ሁሉ ወደ ቆሻሻ ነው። ቆላ በማድረግ አይድንም። ለውዝ እርጥበት ባለበት ሲከርም የሚያበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ ይህ መርዝ ጉበት የሚጎዳ ነው፣ የቤት እሳትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ዓለም ነገሩን ያወቀው በፈረንጆቹ 1960 እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪዎች (ዶሮ መሰል ትልልቅ የእርባታ ወፎች) ሻጋታ የነካው የለውዝ መኖ በልተው ካለቁ በኋላ ነበር። አንድ ፍሬ አኝካችሁ ከመረራችሁ ትፉት፤ ከአንድ ጭብጥ ውስጥ ሁለት ሦስት መራራ ካገኛችሁ ከረጢቱን በሙሉ ተዉት። ለውዝ ርካሽ ነው፣ ጉበት ግን አይገዛም።

ሰሊጥ ችግሩ አሸዋ ነው። ሰፌድ የለመደ እጅ አንጓልሎ ያወጣዋል፤ እኔ አልሆነልኝም፣ ስለዚህ አጥበዋለሁ። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ብዙ ውሃ አድርጉና ሰሊጡን ጨምራችሁ በእጅ አዙሩት። አሸዋው ወዲያው ወደ ታች ይወርዳል፤ ሰሊጡ ውሃው ውስጥ እየተንሳፈፈ ሳለ በጥቅጥቅ ወንፊት ቅዱት። ታች የቀረውን የመጨረሻውን ማንኪያ አትሳሱለት፣ ድፉት። ሁለቴ ሦስቴ ደጋግማችሁ፣ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ስስ አድርጋችሁ አስጡት። እስኪደርቅ ድረስ ምጣድ አያይም። ኑግም እንዲሁ ይታጠባል።

ተልባ ግን እንዳይታጠብ! ውሃ የነካው ተልባ እንደ እንቁላል ውሃ ይሙለጨለጫል፣ እርስ በርሱም ይጣበቃል። ተልባ በሰፌድ ይበጠራል፣ ይለቀማል፣ በቃ። ድምብላልና ከሙን ደግሞ ጭራሮ ጭራሮውን ካወጣችሁላቸው ሌላ ጣጣ የላቸውም።

እሳቱ

ታቹ ወፍራም የሆነ መጥበሻ፣ የእንጨት ማማሰያ፣ ከጎን ደግሞ ሰፊ ትሪ ወይም ሰፌድ አዘጋጁ። ትሪው የግድ ነው፤ የደረሰ ነገር መጥበሻው ላይ ከቀረ እሳቱ ቢጠፋም መቁላቱን አያቆምም። ቅደም ተከተሉ ዘገምተኛውን አስቀድሞ ነው፤ ለውዙ ሲቀዘቅዝ ሌሎቹ ይደርሳሉ።

ለውዝ። ምድጃ (ኦቨን) ያለው ሰው 170 ዲግሪ ላይ አድርጎ ከ15 እስከ 18 ደቂቃ ያቆየው፣ በየ5 ደቂቃው ትሪውን ይነቅንቀው። መጥበሻ ላይ ከሆነ ከመካከለኛ ዝቅ ያለ እሳት፣ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ፣ እጅ ሳያርፍ ማማሰል። እሳት ጨምሮ ማፋጠን አይቻልም፤ ላዩ ይጠቁርና ውስጡ ባቄላ ባቄላ ይላል። ለማወቅ አንዱን ፍሬ ለሁለት ክፈሉት። ውስጡ ከነጭነት ወጥቶ የገለባ መልክ ሲይዝ አውርዱ። በዚያ ሰዓት ብትቀምሱት ገና ለስላሳ ነው፤ አትደንግጡ፣ የሚከሸክሸው ሲቀዘቅዝ ነው። «ትንሽ ይቅረው» ብሎ ያቆየ ሰው የሚያገኘው ያረረ ለውዝ ነው።

ሲቀዘቅዝ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ እሹት፤ ቀዩ ሽፋን ይወልቃል። ሰፌድ ላይ አድርጋችሁ በረንዳ ላይ አበጥሩት። (ወጥ ቤት ውስጥ የሞከረ ሰው ለሳምንት ሽፋን ሲጠርግ ይኖራል።) ሁሉም እስኪወልቅ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ጥቂት ሽፋን ቢቀር ቀለም ይሰጠዋል።

ሰሊጥ። ዝቅ ባለ እሳት፣ 5 ወይም 6 ደቂቃ። አንድ ሁለቱ መዝለል ሲጀምር ደርሷል ማለት ነው። ሁለት ፍሬ በጣቶቻችሁ መካከል ስትጨፈልቁት ከተሰባበረ አውርዱ። የሰሊጥ ጠላቱ ስልክ ነው፤ አንድ መልእክት አንብባችሁ እስክትመለሱ ቡኒ ይሆናል፣ ቡኒ የሆነ ሰሊጥ ደግሞ ይመርራል።

ተልባና ኑግ። ሁለቱም ከመጀመሪያው የጠቆሩ ስለሆኑ ቀለማቸው ምንም አይነግራችሁም። እዚህ ላይ የሚሠራው ጆሮና አፍንጫ ነው። ተልባ ሲሞቅ መንጫጫት ይጀምራል፤ «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» ያለው ሰው ምጣድ አጠገብ የቆመ ሳይሆን አይቀርም። መንጫጫቱ ከጀመረ በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል አማስሉና ድምፁ ጋብ ማለት ሲጀምር አውርዱ፤ በጠቅላላው 3 ወይም 4 ደቂቃ ነው። ክዳን አቅርቡ፣ ዓይን ውስጥ ይዘልላል። ኑግም በዚሁ መንገድ ነው፤ ዘይት ዘይት የሚል ሞቅ ያለ ሽታ ሲያወጣ በቅቶታል።

ቅመሞቹ። ድምብላል 2 ወይም 3 ደቂቃ፣ ከሙን ከ1 ደቂቃ ትንሽ ቢያልፍ። ሽታው ወደ አፍንጫችሁ በመጣበት ቅጽበት ነው የሚወርደው። ኮረሪማው ተፈልፍሎ ለብ ከማለት አይለፍ። ቁንዶ በርበሬና ጥምዝ አላምስም፤ የሚጣፍጠው ቁጣቸው ነውና እሳቱ ያንን ይበላዋል። የተዘጋጀ ሚጥሚጣ ደግሞ በፍጹም ምጣድ ላይ አይጣል፣ ቤቱ ሁሉ ሲያስል ያመሻል።

ማቀዝቀዝና መውቀጥ

ሁሉንም ለየብቻ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተዉት። ትኩሱን መክደን እንፋሎቱን መልሶ ማጠጣት ነው፤ ድቅቁ ይለሰልሳል፣ በኋላም ይሻግታል። ትኩሱን መውቀጥ ደግሞ የባሰ ነው። ለውዝ ትኩስ ሆኖ ሲመታ ዘይቱን ይለቅቃል፣ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ የለውዝ ቅቤ ይሆናል። ይህ የደረሰበት ሰው አይጣለው፣ ዳቦ ላይ ይቀባዋል፤ ድቅቅ ግን አይሆንም።

ሙቀጫ ያለው በሙቀጫ ይውቀጥ፤ ከመሣሪያ የተሻለ ይወጣል። መጀመሪያ ጨውን ከድምብላሉ፣ ከከሙኑ፣ ከኮረሪማውና ከቁንዶ በርበሬው ጋር። ደረቅ ሻካራ ጨው እንደ አሸዋ ሆኖ ቅመሙን ይፈጭላችኋል። ይህ በደንብ ሲደቅቅ ሰሊጡን ጨምራችሁ ቀለል አድርጋችሁ ውቀጡ፤ ግማሹ ፍሬ ሙሉውን ቢቀር ይሻላል። ለውዙ መጨረሻ ላይ ይገባል። እሱን መደለቅ ሳይሆን ዘነዘናውን እያነሱ መጣል ብቻ፤ ትልቁ ስባሪ የምስር ክክ ሲያክል አቁሙ።

የኤሌክትሪክ የቡና መፍጫ የምትጠቀሙ ከሆነ ቅመሙን ለብቻ አላሙት፣ አውጡት። ከዚያ ለውዙን ከግማሽ በታች ሞልታችሁ ለአንድ ለአንድ ሴኮንድ ጫን ለቀቅ አድርጉት፣ ከ6 እስከ 8 ጊዜ፣ በየመሐሉ እየነቀነቃችሁ። ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ማቆየት አይሆንም። ሰሊጡን መፍጫ ውስጥ አላስገባውም፣ በማንኪያ ጀርባ ትንሽ ጨፍልቄ እቀላቅለዋለሁ። ሲያልቅ አንድ ጭብጥ ደረቅ ሩዝ ፍጩበትና ድፉት፣ አለዚያ የነገው ቡና ከሙን ከሙን ይላል። እኔ ቤት በዚህ ጉዳይ ጠብ ተነሥቶ ያውቃል፤ አሁን ሁለት መፍጫ አለን።

ዋናው፦ የለውዝ ድቅቅ

ለአንድ መካከለኛ ብልቃጥ የሚበቃ መጠን ይህ ነው፦

- ለውዝ፣ 150 ግራም (አንድ የውሃ ብርጭቆ ገደማ)
- ሰሊጥ፣ 6 የሾርባ ማንኪያ
- ድምብላል፣ 3 የሾርባ ማንኪያ
- ከሙን፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ተኩል
- ኮረሪማ፣ የ2 ፍሬ
- ቁንዶ በርበሬ፣ 1 የሻይ ማንኪያ፣ ወይም 3 ዘለላ ጥምዝ
- ሻካራ ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ ተኩል

ድምብላሉ የበዛ ይመስላል። አልበዛም። ድምብላል ሲታመስ የብርቱካን ልጣጭ የሚመስል ጣዕም ያመጣል፤ የለውዙን ክብደት የሚያነሳው እሱ ነው። ከሙኑን ግን እንዳትጨምሩ፤ ከዚህ ካለፈ ሁሉንም ይጫናል። ጨው የሚቀመሰው ከተቀላቀለ በኋላ ነው፣ በጣት አንሥታችሁ ሳይሆን የተቀቀለ ድንች ላይ ነስንሳችሁ። በጣት ሲቀመስ ልክ የሆነ ጨው አትክልት ላይ ሲሄድ ያንሳል።

ጥምዝ የምትጠቀሙ ከሆነ ቀድማችሁ ሰባብሩት፤ ሙሉውን ከጣላችሁት መፍጫው ውስጥ እየተሽከረከረ ይቀራል። ጥምዝ ከቁንዶ በርበሬ ይልቅ ጭስ ጭስ የሚል ቁጣ አለው፣ ለዱባና ለጥቅል ጎመን ይስማማል።

የተልባና የሚጥሚጣ

6 የሾርባ ማንኪያ ተልባ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ሰሊጥ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ነጭ አዝሙድ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ። ተልባው ሙሉውን ከቀረ ሆድ ሳይፈጨው እንዳለ ይወጣል፤ ስለዚህ ይህኛው ከለውዙ ይልቅ መላም አለበት። ነጭ አዝሙዱን ለብ አድርጋችሁ ብቻ አግቡ፣ እጅ ከበዛበት መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ሚጥሚጣው ብዙውን ጊዜ ጨው ስላለበት ሌላ ጨው ከመጨመራችሁ በፊት ቅመሱ።

የዚህ ቦታው ደረቅ ያለ ነገር ላይ ነው፦ የተቀቀለ ድንች፣ የተጠበሰ ድንች፣ ስኳር ድንች። ውሃ ያለው አትክልት ላይ ተልባው ውሃውን ይጠጣና ይለጠልጣል። ቀይ ሥር ላይ አድርጌው ያየሁትን አልረሳም፤ ሐምራዊ ሙጫ።

የኑግና የሰሊጥ

ተረቱን ለመታዘዝ ያህል ይህንንም ሠርቻለሁ፣ እናም ለጎመን ከሁሉም የማስበልጠው ሆኗል። 4 የሾርባ ማንኪያ ኑግና 4 የሾርባ ማንኪያ ሰሊጥ፣ ለየብቻ ታምሰው፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር አብረው ይወቀጣሉ። ኑግ ሲወቀጥ ዘይቱ ቶሎ ስለሚወጣ ሙቀጫው ላይ ይጋገራል፤ ሰሊጡ አብሮት ሲኖር ይህ ይቀንሳል፤ ተረቱ ሳያውቀው የወጥ ቤት ምክር ሰጥቷል። ቅርፊቱ ጥርስ ውስጥ የሚገባባችሁ ከሆነ በጥቅጥቅ ወንፊት ንፉት። ከዚያ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የደረቀ የነጭ ሽንኩርት ዱቄትና በጣት የተፈተፈተ ደረቅ ጦስኝ። እርጥብ ነጭ ሽንኩርት ወይም እርጥብ ዝንጅብል አታግቡ፤ እርጥበት የገባበት ድቅቅ በሳምንቱ ይሻግታል።

መልኩ አያምርም፣ ጥቁር ግራጫ ነው። ነጭ ድንች ላይ አመድ የተበተነ ይመስላል። ጎመን ላይ ግን ይደበቃል፣ ጣዕሙ ብቻ ይቀራል።

አነሳነሱ

ዱቄት ደረቅ አትክልት ላይ አይያዝም፣ ወደ ሳህኑ ታች ይወርዳል። ስለዚህ አትክልቱ ትኩስ ሳለ መጀመሪያ ጥቂት ዘይት ወይም የሎሚ ጭማቂ አስነኩት፣ ከዚያ ድቅቁን። ለግማሽ ኪሎ አትክልት 2 የሾርባ ማንኪያ መነሻ ነው። አትክልቱን ስትቀቅሉ የለመዳችሁትን ጨው በግማሽ ቀንሱ።

ጎመኑ በስሎ ውሃው እስኪመጠጥ ጠብቁት፣ አውርዱት፣ ከዚያ ነስንሳችሁ አንዴ ብቻ አገላብጡት። ፎሶሊያና ካሮት ለውዙን ይወዳሉ። ጥቅል ጎመን አልጫ እርድ ስላለው ራሱን ችሎ ይጣፍጣል፤ ከላዩ ትንሽ የለውዝ ድቅቅ ከበቂ በላይ ነው። ቀይ ሥር ተቀቅሎ፣ ተከትፎ፣ በሽንኩርትና በሎሚ ከተለወሰ በኋላ የለውዙ ድቅቅ ይስማማዋል፤ ግን ገበታ ላይ ሆናችሁ ነስንሱ፣ 10 ደቂቃ ከቆየ ቀልቶ ይለሰልሳል። ዱባ በምድጃ ተጠብሶ፣ በጥምዝ የተሠራው ድቅቅና ቁንጥር ቀረፋ ሲያገኝ ልጆች እንኳ ሳይለመኑ ይበሉታል። አቮካዶ ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ ፍሬው የወጣበት ጉድጓድ በለውዝ ድቅቅ ተሞልቶ በማንኪያ! እሱ ምግብ ነው፣ ማባያ አይደለም።

ሰው ስታበሉ

ለውዝና ሰሊጥ የማይስማማቸው ሰዎች አሉ፤ ለአንዳንዱ ማሳከክ ብቻ ነው፣ ለአንዳንዱ ግን ትንፋሽ የሚያቋርጥ ነው። ድቅቅ የሚያሰጋው ደግሞ ስለማይታይ ነው፣ ጎመን ላይ የተበተነ ለውዝ ማን ያያል? ማኅበር ወይም ዝክር ስትወስዱት ለብቻው በሳህን አድርጋችሁ «ለውዝ አለበት» ብላችሁ አስቀምጡ፤ የፈለገ ይነስንስ። አሜሪካ ያላችሁ፣ ብዙ ትምህርት ቤት ለውዝ አያስገባም፤ ሰሊጥም በ2021 በወጣው ሕግ 9ኛው ዋና አለርጂ አምጪ ሆኖ ከጥር 2023 (በፈረንጅ) ጀምሮ የታሸገ ምግብ ላይ የግድ ይጻፋል። የልጅ ምሳ ዕቃ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ጠይቁ። ለሕፃናት ደግሞ ትልልቅ ስባሪው ጉሮሮ እንዳይዘጋ የላመ አድርጋችሁ ለብቻ ፍጩላቸው።

አቀማመጥ

ጥቂት ጥቂት ሥሩ። ሙሉ ለውዝ ለወራት ይቆያል፤ ከደቀቀ በኋላ ግን ዘይቱ ከአየር ጋር ይገናኝና መበላሸት ይጀምራል። ደረቅ የጠርሙስ ብልቃጥ፣ እስከ አፉ የተሞላ፣ ጨለማ ቦታ። የለውዙ ድቅቅ እንደ አዲስ አበባ ባለ ቀዝቃዛ አገር መደርደሪያ ላይ 3 ወይም 4 ሳምንት ይቆይላችኋል፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ደግሞ ሁለት ወር። ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ያለ ሰው መደርደሪያ የሚባለውን ይርሳው፣ ከመጀመሪያው ማቀዝቀዣ ይግባ።

ተልባ ከሁሉም ቶሎ ይበላሻል። ከሳምንት በላይ ውጭ አታቆዩት፤ ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ በረዶ ቤት። መበላሸቱን ሽታው ይነግራችኋል፣ ቀለም ቀለም ይላል። ቀልድ አይደለም፤ ሠዓሊዎች ቀለም የሚበጠብጡበት ዘይት የተልባ ዘይት ነው።

ብልቃጡ ውስጥ እርጥብ ማንኪያ አይግባ። ከድስቱ በላይ ይዛችሁም አትነስንሱ፣ እንፋሎቱ ሽቅብ ይገባበታል፤ ወደ መዳፋችሁ አፍስሳችሁ ከዚያ ነስንሱ።

ብልቃጡ ሲያልቅ ታች የላመ ዱቄትና ጨው ይቀራል፤ ትልልቁ ስባሪ ቀድሞ ወጥቷልና። እሱን አትነስንሱት፣ ጨው ይበዛበታል። አንድ ሎሚ እዚያው ብልቃጥ ውስጥ ጨምቁ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ፣ ክደኑና ነቅንቁ። ለዕለቱ ቲማቲም ሰላጣ ይሆናል፤ ብልቃጡም ለመታጠብ ዝግጁ ነው።